በጀርባው ስም ያለበት ፎቶግራፍ፦ አራት መጻሕፍት ከመደርደሪያዬ

አባቴ ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ለደንበኛ የሚሰጠውን ፎቶግራፍ ከማስረከቡ በፊት ገልብጦ በጀርባው ስምና ቀን በእርሳስ ይጽፍ ነበር። ነጋቲቩን ግን በወረቀት ፖስታ ይከትና ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ትልቁ መዝገብ ነው። አባቴ አርፎ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ነጋቲቮቹ በሦስት የብስኩት ቆርቆሮ ታሽገው አዲስ አበባ እኔ ቤት ደረሱ። መዝገቡ አልደረሰም። የት እንደቀረ ዛሬም አናውቅም። ስለዚህ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ ዲያቆናት፣ ጥርስ ያላበቀሉ ሕፃናት አሉ፤ አንዳቸውንም በስም መጥራት አልችልም።

የፎቶግራፍ መጽሐፍ ሳነሣ ዓይኔ መጀመሪያ ከምስሉ ሥር ወዳለው ጽሑፍ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የወረቀቱን ክብደትና የቀለሙን ጥቁረት ቀጥዬ አያለሁ። ሰዎች ምስሉን ያያሉ፣ እኔ ስሙን እፈልጋለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ከሰበሰብኳቸው መጻሕፍት መካከል ስለ አራቱ የምጽፈውም በዚሁ መለኪያ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒስ ዤራር ያዘጋጁትን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመውን ‹‹ኢትዮጵያ ፎቶግራፍድ››ን ነው። ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዟል። ሁለቱም ዓመታት የጦርነት ዋዜማዎች ናቸው፤ በመጀመሪያው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ለመዝመት ባሕር ተሻገረ፣ ከኋለኛው ጋር የኢጣልያ ወረራ መጣ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ካሜራ የያዙ መሐንዲሶች ነበሩ። በአገራችን ፎቶግራፍ ታሪክ መነሻ ላይ ካሜራውን ተሸክሞ የመጣው ሠራዊት መሆኑን እያሰብኩ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስገልጥ ዛሬም ቅር ይለኛል።

መጽሐፉ የሚደነቅበት ብዙ ነገር አለው። ፓንክኸርስት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሥራች ዳይሬክተር ነበሩ፤ አንድን ፎቶግራፍ ከየትኛው ዘመን፣ ከየትኛው አጋጣሚ ጋር ማያያዝ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ስለ ፎቶግራፍ አንሺዎቹም እንድናስብ ያደርጉናል። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያገለገለው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ ማለትም ቶኒ፣ የነገሥታቱን ፊት ለእኛ ያቆዩልን ሰዎች ናቸው። አንድ ቤተሰብ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሰ ከቤተ መንግሥት ሳይወጣ ሲቆይ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ላደገች እንደ እኔ ላለች ሴት ይህ የጎረቤት ታሪክ ያህል ቅርብ ነው።

ይሁን እንጂ በእኔ መለኪያ እዚህ ላይ አንድ ሕመም አለ። ንጉሡ ስም አላቸው፣ መኳንንቱ ስም አላቸው፣ ወደ ገበያ የወረደችው ሴት ግን ሴት ብቻ ናት። ጦረኛው ጦረኛ፣ ቄሱ ቄስ ነው። ጥፋቱ የአዘጋጆቹ አይደለም። ካሜራውን የያዘው የውጭ አገር ሰው ስሟን አልጠየቃትም፤ ያልተጠየቀ ስም ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ ከማንም ቤተ መዛግብት አይገኝም። የአባቴ ነጋቲቮች ከዚህ ይለያሉ። የእነሱ ስም ተጠይቆ፣ ተጽፎ፣ ከዚያ ነው የጠፋው። የትኛው እንደሚብስ መወሰን አቅቶኛል።

ፋሲል ጊዮርጊስ ከዚሁ ከዴኒስ ዤራር ጋር ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2007 በሻማ ቡክስ የታተመው መጽሐፍ ስለ አዲስ አበባ የኪነ ሕንጻ ቅርስ ነው፤ ከከተማዋ ምሥረታ ከ1886 እስከ 1941 ያለውን ይሸፍናል። በውስጡ የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸውን የእንጨት በረንዳዎችና ደረጃዎች ማየት ይቻላል። ሕንጻ ከሰው ይልቅ ስሙን በቀላሉ ይይዛል፤ የእገሌ ቤት ሲባል ባለቤቱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላም የእገሌ ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ይህን መጽሐፍ አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት፤ ለብዙ ሳምንታትም ወደ መደርደሪያው አልመለስኩትም። ስለ አሮጌ ሕንጻዎች ግድ ያለው ሰው ሁሉ ቢያገኘው እወዳለሁ።

በፍራንሲስ ፋልሴቶ የተዘጋጀው ‹‹አቢሲኒ ስዊንግ›› እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው በሻማ ቡክስ የወጣ የዘመናዊ ሙዚቃችን የሥዕል ታሪክ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መምህራቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን፣ ከዚያም የክብር ዘበኛን፣ የፖሊስንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርን ኦርኬስትራዎች ታሪክ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ደስ የሚለኝ ሙዚቀኛ ስም ያለው ሰው በመሆኑ ነው። መለከቱን የያዘው እገሌ፣ ከበሮው ላይ የተቀመጠው እገሌ እያሉ የሚያስታውሱ አድማጮች አሉና። የመጽሐፉ ጽሑፍ ግን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። የክብር ዘበኛን ሙዚቃ በሬዲዮ እየሰማች ያረጀችው እናቴ ምስሎቹን እያየች ጽሑፉን እኔ ልተረጉምላት ይገባል። አሳታሚዎቻችን በዚህ ላይ ቢያስቡበት እለምናለሁ፤ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር ሁለት መስመር አማርኛ መጨመር የገጹን ውበት አይነካም።

አሁን ወደ ‹‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ›› ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትስ ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ ከአራቱ ለእኔ የቅርብ ወዳጅ የሆነው ነው። አዘጋጆቹ ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄድ ይልቅ የሰው ቤት አንኳኩ። ከሳሎን ጠረጴዛ ሥር ከሚቀመጠው የቤተሰብ አልበም፣ በስስ ወረቀት ከተጋረደው ገጽ፣ የራሳቸውን ከተማ ሰዎች ፎቶግራፍ ለመኑ፤ ከፎቶግራፉም ጋር ታሪኩን ተቀበሉ። ስለዚህ እዚህ ፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ሰው የአንድ ሰው አባት ነው፣ አክስት ነው፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ስለ እሱ የሚናገረው ልጁ ነው። ፓንክኸርስት ስሟን ሊያገኙላት ያልቻሉት የገበያዋ ሴት ከዚህ መጽሐፍ አጠገብ ስትቀመጥ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይታያል።

መጽሐፉን ቤቴ ለቡና የሚመጣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ሆን ብዬ ረከቦቱ አጠገብ ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጎረቤቴ እትዬ አንድ ቀን ከአቦል እስከ በረካ ሲገልጡት ቆዩ። ስለ ልብሱ፣ ስለ ጸጉሩ፣ ስለ ጫማው ተረከዝ ሳይቀር ያወራሉ፤ ‹‹እኛም እኮ እንዲህ ነበርን›› አሉና ዝም አሉ። በማግሥቱ የራሳቸውን አልበም በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። አንድ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ይህን ያህል ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

የጎደለውንም መናገር አለብኝ። የቤተሰብ አልበም የሚኖረው ፎቶግራፍ ለመነሣት ገንዘብና ጊዜ የነበረው ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ በአልበም የተሠራ መጽሐፍ የባለ ገንዘቦችን አዲስ አበባ አጉልቶ ማሳየቱ አይቀርም። ደግሞም አዲስ አበባ ብቻ ናት። በገበያ ቀን ከወረሂመኖና ከተሁለደሬ ወርደው አባቴ ፊት የሚቆሙ ገበሬዎች ነበሩ። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለደንበኛ የሚዋስ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ከረባት ተሰቅሎ ነበር፤ ገበሬው ኮቱን ከጋቢው ላይ ይደርብና ትንፋሹን ይዞ ይቆማል፤ ፎቶግራፉ ከተማ ላለ ልጁ የሚላክ ነው። ያ ኮት በአባቴ ነጋቲቮች ውስጥ በስንት ትከሻ ላይ እንዳለ ቆጥሬ አልጨረስኩም። ኮቱን አውቀዋለሁ፣ ሰዎቹን አላውቃቸውም። ለደሴ፣ ለጎንደር፣ ለጅማ፣ ለድሬዳዋ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ቢነሣ የእኔ ሦስት ቆርቆሮዎች ክፍት ናቸው።

ለመግዛት ላሰበ ሰው ጥቂት ልበል። የቆዩ እትሞችን ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። እኔ ካመንኩት ሻጭ የወሰድኩት አንድ መጽሐፍ ቤት ስደርስ አራት ቅጠል ጎድሎት ተገኝቷል፤ አንድ ሰው ሥዕሎቹን በምላጭ አውጥቶ በፍሬም ለመስቀል ወስዷቸዋል። ትልልቆቹን መጻሕፍት አታቁሟቸው፣ አጋድማችሁ አስቀምጡ። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቋቸው። በፕላስተር አትጠግኗቸው።

ከአራቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ‹‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ››ን ይግዛ፤ ከዚያም ከእናቱ፣ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ተቀምጦ ይግለጠው። እኔ ከእናቴ ጋር እንዲያ አደረግሁ። መጽሐፉን ጨርሳ ስትዘጋ መነጽሯን ሳታወልቅ ‹‹የአባትሽን ቆርቆሮ አምጪው›› አለችኝ። ነጋቲቮቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ታያለች፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ እንኳ ፊት ትለያለች። በፖስታው ላይ 412 የተጻፈበትን ስታነሣ እጇ ቆመ። ‹‹ይህች የሙጋዱ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት፤ ዘነበች።›› እርሳስ አቀበልኳት። እምቢ አለች፣ ‹‹አንቺ ጻፊው፣ የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል›› አለች። እኔ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ አሥራ ሦስት ስም ደርሰናል።