በነሐሴ ጀጎል ውስጥ ማደር ያዋጣል ወይ?

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ሐረር ለእኔ የ50 ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ናት። ግን እስከዛሬ የምሄደው እንደ ሰው ሁሉ የታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ሲነግሥ ወይ በጥር ነበር። ዘንድሮ በነሐሴ አጋማሽ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሌሊት ጀጎል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ሆኖ እንግዳ በሚያሳድር ቦታ አደርን። ስሙን አልጠራም፣ የማማርረው ስላለኝ።

መጀመሪያ ዋጋ። በጥር 2,400 ብር ያሉኝን ክፍል በ1,300 ሰጡን፣ ያውም ሳንከራከር። ከእኛ ሌላ እንግዳ የሚባል አልነበረም።

ቤቱማ አንደኛ ነው። ነደባዎቹ (ከወለሉ ከፍ ያሉት የመቀመጫ መደቦች) ቀይ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን። ቀዩ ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። በጥር ይሄን የሚነግርህ አስጎብኚው ነው፣ በጥድፊያ፣ ቀጣዩ ቡድን በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ። አሁን ግን የቤቱ እናት ራሷ ቁጢ (የቡና ቅጠል) በወተት አፍልታ ከጎናችን ተቀመጠችና ማን የትኛው ነደባ ላይ እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ አሳየችን። ለካ ባለቤቴ የተደላደለችው አሚር ነደባ ላይ፣ የአባወራው ቦታ ላይ ኖሯል! ሴትየዋ በሳቅ ሞተች። (አንቱ አላልኳትም። እኛ አገር አንቱ ያልከው ሰው ምን አጠፋሁ ይልሃል።)

አሁን ወደ ሮሮዬ። ሌሊት ዶፍ ወረደና ጣሪያው አፈሰሰ። ጠብ፣ ጠብ፣ ልክ እራስጌያችን ምንጣፉ ላይ። ስንጠራው ልጁ የወተት ዱቄት ጣሳ አምጥቶ ከሥሩ ደቀነ። በቃ፣ ጥገናው እሱ ነው። እስኪነጋ ጣሳ ስንሰማ አደርን። ጠዋት ደግሞ ቧንቧው ደርቋል፤ ደጅ ዝናብ እየወረደ በባልዲ ታጠቡ ሲሉህ ምን ትላለህ? ቁርስም አለው የተባለው ሠራተኛዋ አገሯ ገብታ ቀረ። ፉል ፍለጋ ወጣን።

ሸበጥ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ድንጋዩ ሲረጥብ ሳሙና ነው። የተጣላ ሰው እንኳ ሳይነጋገር አያልፍባትም የሚሏት ጠባቧ የዕርቅ መንገድ ላይ ጃንጥላ ከያዙ አንድ አዛውንት ጋር ተገናኘን፤ ሁለት ጃንጥላ አላሳልፍ ብላ ማን ጃንጥላውን ይጠፍ በሚል ስንገባበዝ ሁላችንም ራስን።

ማታ ፈላና በር (ከጀጎል በሮች አንዱ)፣ እንግዳ ሥጋ የሚያበላቸው ጅቦቹ ጋ። በጥር እዚያ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ስልክ ሁሉ ከፊትህ ይደቀናል። አሁን ሁለታችን ብቻ። ሥጋ የተሰካበትን እንጨት በጥርሴ ያዝኩ፣ አንዱ ጅብ ጭቃውን እየረገጠ መጣና ትንፋሹ ፊቴ ላይ አረፈ። የረጠበ ጅብ ሽታው... አቦ ተዉኝ። ሸሚዜ ሁለቴ ታጥቦም አለቀቀም።

ስንመለስ፣ ጠፋ ሲባል የኖረው የሐረማያ ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ውሃ ይዞ አየነው። ወደ ድሬ ሙቀት የሚያወርደውን የደንገጎ ቁልቁለት ስንወርድ ጃኬታችንን አወለቅን። ባለቤቴ መስከረም ሳይጠባ እንደገና እንሂድ ትላለች። እኔ መጀመሪያ ደውዬ ስለ ጣሪያው እጠይቃለሁ ብያለሁ።