የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ፦ ትልቅ ቡድን፣ ትንሽ ቡድን ወይስ ክበብ?

በቡድን ተራራ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት አማራጭ ያገኛል። አንደኛው አስጎብኚ ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ አውቶቡስ ሞልቶ የሚሄደው ትልቅ ቡድን ነው። ሁለተኛው ከ6 እስከ 10 ሰው የሚይዝ፣ ባለሙያ የሚመራው ትንሽ ቡድን ነው። ሦስተኛው ደግሞ አባላቱ ራሳቸው በየተራ የሚመሩት የተጓዦች ክበብ ነው። የሦስቱም ማስታወቂያ ተመሳሳይ ነው፤ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ፎቶ አያጣውም። ልዩነታቸው የሚታየው ዳገቱ መሃል ላይ ነው።

እኔ ሦስቱንም የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ሰው ቀኑን እንዴት ይውላል? ፈጣኑ ሰው የትም ቢገባ ይመቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ግን የመጨረሻው ሰው እናንተ የመሆናችሁ ዕድል ሰፊ ነው።

ትልቁ ቡድን

ዋጋው ይቀንሳል፤ የመኪናውና የመሪው ወጪ ለብዙ ሰው ይከፋፈላላ። ብቻውን የመጣም ሰው ባይተዋር አይሆንም፣ ገና መኪና ውስጥ ወሬ ይጀምራል።

ችግሩ ሰልፉ ነው። 30 ሰው በቀጭን መንገድ ላይ በ2 ሜትር ርቀት ተከታትሎ ቢሄድ ሰልፉ ወደ 60 ሜትር ይደርሳል። ዳገት ሲመጣ ደግሞ እየተበጣጠሰ ይረዝማል። ከዚያ የሚሆነውን ልብ በሉ። ፊት ያሉት ጥላ ያገኙና ቁጭ ይላሉ። ውሃ ይጠጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠብቃሉ። 10 ደቂቃ ቆይቶ የመጨረሻዋ ሴት ፊቷ በላብ ርሶ ብቅ ትላለች። ያን ጊዜ መሪው “በሉ፣ ሁላችንም ደረስን፣ እንቀጥል!” ይላል። እሷ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ከቀጠለ፣ የሚያርፈው ያልደከመው ሰው ብቻ ነው ማለት ነው። የደከመ እግር ደግሞ ቁልቁለት ላይ ይስታል።

ሥራውን የሚያውቅ አዘጋጅ ይህ እንዲሆን አይፈቅድም። ከኋላ ሁለተኛ መሪ ይመድባል፤ ከእሱ ኋላ ማንም አይቀርም። እረፍቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሲነሱም፣ ሲያርፉም፣ ሲመለሱም ሰው ይቆጠራል። እንዲህ የሚሠራ ትልቅ ቡድን ካገኛችሁ ሳትሰጉ ግቡ። ከኋላ የሚሄድ መሪ የሌለውን ግን በነጻ ቢሆን እንኳ ለማንም አልመክርም።

ትንሹ ቡድን

ውድ ነው። ግን የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ እወቁ። ጥሩ መሪ ከጉዞው በፊት የጤናችሁን ሁኔታ ይጠይቃል። ጉልበት የሚያማችሁ፣ አስም ያለባችሁ ከሆነ አስቀድሞ ያውቃል። መንገድ ሲጀመር ቀርፋፋውን ሰው ወደ ፊት ያመጣውና ልክ ከራሱ ኋላ ያስኬደዋል፤ የቡድኑ ፍጥነት በዚያ ሰው ልክ ይሆናል። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ሌላው የመመለሻ ሰዓት ነው። ሙያውን የሚያውቅ መሪ “ጫፉ ጋ ደረስንም አልደረስንም በዚህ ሰዓት እንመለሳለን” ብሎ ጠዋቱኑ ይናገራል። ጫፉ እየታየ “ተመለሱ” ሲባል ያናድዳል። ግን መውረዱም ብርሃን ይፈልጋል። ከ30 ሰው ጋር ይህን መወሰን ከባድ ነው፤ ከ8 ሰው ጋር ይቻላል።

“ሰርተፊኬት አለኝ” የሚል መሪ ከማን እንዳገኘው ጠይቁት። የተራራ ጋይዶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ከ1965 ጀምሮ፣ የእግር ጉዞ መሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ደግሞ ከ2004 ጀምሮ አለ (ሁለቱም ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ገመድ ለማያስፈልገው የአንድ ቀን ጉዞ ሁለተኛው የሚያውቀው ሰርተፊኬት በቂ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናው ግን መቼ እንደታደሰ ሳትጠይቁ አትለፉ።

የትንሽ ቡድን ድክመት ሁለት ነው። ሁለት ሰው ከቀረ ጉዞው ሊሰረዝ ይችላል። ደግሞ አቅማቸው ጨርሶ የማይመጣጠን ሰዎች ከተገናኙ ፈጣኑ ይሰለቻል፣ ቀርፋፋው ይሳቀቃል።

ክበቡ

በገንዘብ ከሁሉም ይቀላል። መዋጮ ትከፍላላችሁ፣ የትራንስፖርት ትጋራላችሁ፣ አለቀ። መሪዎቹ ደመወዝተኛ አይደሉም፤ ተራራውን ስለሚወዱት ነው የሚመሩት። ካርታና ኮምፓስ ማንበብ መማር ለሚፈልግም ምርጡ ቦታ ይህ ነው፣ ነገ ራሳችሁ ልትመሩ ትችላላችሁና።

ነገር ግን ክበብ ደንበኛ አያስተናግድም። የዝናብ ልብስ ረሳሁ ብትሉ የሚያከራያችሁ የለም። የጉዞው ጥራትም በዕለቱ መሪ ይወሰናል። መድን ካለው ደግሞ እንግዳን ይሸፍን እንደሆነ፣ ወይስ አባላትን ብቻ እንደሆነ ጠይቁ።

“ቀላል” ሲባል

ማስታወቂያ ላይ “ቀላል”፣ “መካከለኛ” የሚሉትን ቃላት ብዙም አትመኑ። የስዊስ አልፓይን ክለብ የሚጠቀምበት ከቲ1 (ቀላሉ) እስከ ቲ6 (ከባዱ) ያለ ደረጃ አለ፤ እንዲህ ያለ የታወቀ መለኪያ ካልተጻፈ ግን ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በጠቅላላ ወደ ላይ የሚወጣው ስንት ሜትር ነው?

ሁለቱን ካገኛችሁ ሰዓቱን ራሳችሁ ታሰላላችሁ። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 (ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያወጣው ቀመር ዛሬም ያገለግላል። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። ስለዚህ ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር ሆኖ 900 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል። ይህ ግን እረፍት የሌለበት፣ ጠንካራ እግር ያለው ሰው ሰዓት ነው። ለጀማሪ ቡድን 6 ሰዓት ያዙለት። ይህንኑ መንገድ “በ4 ሰዓት ውስጥ ደርሰን እንመለሳለን” የሚል አዘጋጅ ወይ መንገዱን አያውቀውም፣ ወይ የሚያስበው ስለ ፈጣኖቹ ብቻ ነው።

ከፍታውንም ጠይቁ። ከ2,500 ሜትር በላይ ያልለመደ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሊይዘው ይችላል። ሕመሙ ከባሰ ዋናው መፍትሔ ሳይዘገዩ መውረድ ነው። ታዲያ አንድ ሰው ቢታመም ማን ይዞት ይወርዳል? መሪው አንድ ብቻ ከሆነ ወይ ሁሉም ይወርዳል፣ ወይ ቡድኑ ያለ መሪ ይቀራል። እዚህ ላይ ነው የሁለተኛው መሪ ጥቅም ፍንትው ብሎ የሚታየው።

ከማንም ጋር ብትሄዱ ቦርሳችሁ ብዙ አይለይም። በቂ ውሃ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ተደራቢ ሙቅ ልብስ (በየ1,000 ሜትሩ ቅዝቃዜው በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይጨምራል)፣ የግንባር ባትሪና ፊሽካ። በደቂቃ 6 ጊዜ ፊሽካ መንፋት፣ 1 ደቂቃ ዝም ብሎ እንደገና መድገም በተራራ ላይ “እርዱኝ” ማለት ነው። አዲስ ጫማ ግን በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አታድርጉ፤ እግራችሁ ገና ጫፍ ሳትደርሱ ውሃ ይቋጥራል።

የቱን ልምረጥ?

ለጀማሪ ትንሹን ቡድን እመርጣለሁ፣ ገንዘቡን እስኪያጠራቅም ጉዞውን ማዘግየት ቢኖርበትም። መራመድ ለለመደና ሰው መተዋወቅ ለሚፈልግ ትልቁ ይሆነዋል፣ ከኋላ መሪ ካለው። በየወሩ ለመውጣት ያሰበ ሰው በጊዜ ክበብ ይግባ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ስልክ ደውሉና አየሩ ከተበላሸ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ገንዘቡ ይመለሳል? ቀን ይቀየራል? ጉዳዩ የብር ብቻ አይደለም። ጉዞው በተሰረዘ ቁጥር የሚከስር አዘጋጅ መብረቅ እያስገመገመም “ትንሽ ደመና ነው፣ ያልፋል” ለማለት ይፈተናል። ቀን የሚቀይር ከሆነ ግን ጠዋት ሰማዩን አይቶ “የዛሬው ይቅርብን” ለማለት አይከብደውም።