ለጥብቅና ፈተና ያጠናሁባት የጣና ዳር ጀበና ቡና፦ ከ5 ኮከብ 4

ስም የላትም፣ ታፔላም የላትም። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በእግር መሄጃው በኩል፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ያለች ጀበና ቡና ናት። አንድ ረከቦት፣ ሁለት የከሰል ምድጃ፣ ስምንት በርጩማ፣ በቃ። የምጽፈው ስለ ቡናው አይደለም (ቡናው ጥሩ ነው፤ የዘጌ ነው ትላለች፣ አልከራከርም)። ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና ሦስት ወር ያጠናሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ያልሠራልኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ቤቴን ዘግቼ ነበር የማጠናው። ቀን ነገረ ፈጅ ሆኜ እሠራለሁ፣ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ፣ የፍትሐብሔር ሕጉ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። 3367 አንቀጽ ነው እኮ! ግድግዳ ላይ በቀለም ያሸበረቀ የጥናት ፕሮግራም ለጥፌ ነበር፤ እሱን ለማሳመር የፈጀሁት ጊዜ ከጥናቱ ይበልጣል። ስልኬ ላይ 25 ደቂቃ የሚቆጥር አፕ ጫንኩ፣ ስንት ቀረኝ ብዬ ስከፍተው ራሴን ቲክቶክ ውስጥ አገኘዋለሁ። ወደቅኩ። የሚገርም ነገር የለውም።

እዚህ የተቀመጥኩት በአጋጣሚ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ወደ ዘጌ የሚሄዱት ጀልባዎች ገና ሳይነሱ፣ ከሥራ በፊት አንድ ሲኒ ልጠጣ ብዬ፤ መጽሐፉም በእጄ ነበር። እታለም (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንላት) ቡናውን ገና እየቆላች ነው። "እስኪፈላ አንብብ" አለችኝ። አነበብኩ። ለካ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ገንፍሎ እስኪሰክን ያለው ጊዜ ለአንድ ርዕስ ልክ ነው፤ ስልክ ማየት አያስፈልግም፣ ሽታው ራሱ ደረሰ ይላል። በዚያው ለመድኩ። አቦል እስኪቀዳ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቶና ላይ የሰበር ውሳኔ (የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የሰጠበት ፍርድ)። በረካ ጋ አልደርስም፣ ሥራ ይረፍድብኛል።

የሰበር ውሳኔ ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሳኔዎቹ የታተሙባቸው ቅጾች ተደርድረው ሲታዩ ጉልበት ይከዳል፣ ግን ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ የሥር ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚገደዱበት ስለሆነ መዝለል አይቻልም። ቤት ሳለሁ በቅጽ ነበር የማስባቸው። እዚህ በጠዋት ሁለት መዝገብ ብቻ። ሁለት መዝገብ ማንንም አያስፈራም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) እያነበብኩ እታለም "አንተ ጠበቃው" አለችኝ። ገና ሳልፈተን ነው እንግዲህ። "ለወንድሜ ያበደርኩት ገንዘብ 12 ዓመት ሆነው፣ ብከሰው ያዋጣኛል?" የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 አሥር ዓመት ነው የሚለው፣ አልፎሻል ልላት አፌን ከፈትኩና 1856 ትዝ አለኝ፦ ተከሳሹ ራሱ በይርጋ ታግዷል ብሎ ካልተቃወመ ዳኛው በገዛ ራሱ አንስቶ ክሱን ሊዘጋው አይችልም። ይህን በሰው አፍ ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ገባት።

"እና ወንድሜ ዝም ካለ ነዋ?"

"አዎ፣ ዝም ካለ።"

"የኔን ወንድም ስለማታውቀው ነው" ብላ እየሳቀች ጀበናውን አዘነበለች። መጽሐፌ ላይ 1856 አጠገብ እስከ ዛሬ የሲኒ ቂጥ ክብ ምልክት አለ። ፈተና ላይ ቢመጣ ክቡ ነው ቀድሞ የሚታየኝ።

አንድ ሰሞን ደግሞ ሦስት ቀን ቀረሁ። አልታመምኩም፣ ሰልችቶኝ ነው። በአራተኛው ቀን በዚያ ሳልፍ "የት ጠፋህ? መዝገቡ ተዘጋ እንዴ? እኔ እዚህ በርጩማህን ለሰው እከለክላለሁ!" አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለራሴ የገባሁትን ቃል ስንቴ በልቻለሁ፣ ምንም አይመስለኝም። እሷን ግን አፈርኳት። ከዚያ በኋላ የቀረሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ለቅሶ ነበር።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሶኬት የለም፣ ላፕቶፕ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል፣ ኖታችሁን በሲኒ ካልጫናችሁት ጣና ውስጥ ነው የምታገኙት። እሁድ አትሞክሩት፤ ሙሽሮች ለፎቶ ይመጣሉ፣ ከበሮው፣ እልልታው፣ የመኪናው ጥሩምባ። እኔ አንድ እሁድ ውርስ ላጠና ተቀምጬ ሳላስበው ሳጨበጭብ ራሴን ያዝኩት። ዕጣኑ ዓይን ያቃጥላል። ዝናብ ሲመጣ ሸራው ያፈሳል። ዋጋውም በሦስት ወር ውስጥ ሁለቴ ጨምሯል፣ ግን ያልጨመረ ማን አለ። አንድ ሲኒ ይዞ ግማሽ ቀን መቀመጥም ነውር ነው፤ እሷ አትናገርም፣ ሰው ሲበዛ ተነሱላት።

ዋይፋይ ያለው ትልቅ ካፌም ሞክሬያለሁ። በየአሥር ደቂቃው "ምን ልጨምር?" ይባላል። ሁለት ቀን ቻልኩት።

ፈተናውን ተፈትኛለሁ፣ ውጤት ገና ነው። አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ሽንት ቤት ስለሌለ ነው። ከሄዳችሁ በዋርካው ግንድ በኩል ያለችውን በርጩማ ያዙ፣ ነፋሱ እዚያ አይደርስም። አንድ እግሯ ያነክሳል፤ ከሥሯ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጌባታለሁ፣ እንዳታነሱት።