ባሕር ዳር ውስጥ ልጅ የምታውሉበት ቤት ለምትፈልጉ

ቀበሌ 14 አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ሕፃናት የሚያውሉ እናት አሉ። ልጆቹ እቴቴ ይሏቸዋል፤ እኛ ወላጆችም እንደዚያው። ስሜ ይጻፍ ስላላሉ አልጽፍም፤ ምስጋናዬን ግን ዝም ብዬ መያዝ አልቻልኩም።

ምግቡም ንጽሕናውም ጥሩ ነው። እኔን የማረከኝ ግን የጫማ ነገር ነው። የባሕር ዳርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም የሰፈሩ መግቢያ ጭቃ ነው። ያ ጭቃ ውስጥ የከብቱም የውሻውም ነገር አለ። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚድሁ ሕፃናት አሉ፤ እጃቸው ከወለል ተነስቶ ቀጥታ አፋቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ እቴቴ ቤት የውጪ ጫማ ከበረንዳ አያልፍም። የእናትም የአባትም ቢሆን።

ግድግዳው ላይ የተሰፉ የጨርቅ ኪሶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ። የቤት ጫማው እዚያ ያድራል። አንዱ የሌላውን አያደርግም። ልጄ ቀድሞ የነበረችበት ቦታ ነጠላ ጫማው ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ ነበር፤ ያገኘ ያደርጋል። የእግሯ ጣቶች መሐል እያሳከካት ስንት ጊዜ አለቀሰች።

ነጠላ ጫማ ራሱ እቴቴ ቤት የለም። ለትንሽ ልጅ ከእግሩ እየወጣ ይጥለዋል። ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ለስላሳ ሆኖ የማያንሸራትት ነው የሚፈልጉት። ካልሲ ብቻውን ሴራሚክ ላይ ክልክል ነው። ገና «ወፌ ቆመች» የሚባልላቸውን ግን ምንጣፍ ላይ ባዶ እግራቸውን ይለቋቸዋል። ጣታቸው ወለሉን ቆንጥጦ ሲይዝ ነው ሚዛን የሚለምዱት።

ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። በየጫማው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ነጥብ አድርገዋል። ልጅቷ በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና ሁለቱን ጫማ ጎን ለጎን ታደርጋለች። «ነጥቦቹ ተሳሳሙ?» ይሏታል። ከተሳሳሙ ግራና ቀኙ ልክ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጄ አሁን ማንም ሳይነካት ታደርጋለች፤ ቤት መጥታም የአባቷን ጫማ ታሳስማለች።

በየወሩ ደግሞ ልጁን አቁመው የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተረፈ ማታ «ጠቧታል» ይሉናል። የሕፃን እግር ለስላሳ ስለሆነ ጠባብ ጫማ ውስጥም ተጣጥፎ ይገባል፤ ልጅ ጠበበኝ ብሎ አይነግራችሁም። ይህን ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

እቴቴ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እጅዎ ይባረክ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ብዙ ልጅ ስለማይቀበሉ ቶሎ በሉ። ስትሄዱ ሁለት የቤት ጫማ ያዙ፤ አርብ አርብ ያጥቡታል፣ ክረምት ላይ ደግሞ እስከ ሰኞ አይደርቅም።