ስካርሌት ወይስ ኤማ? ለመውደድ የሚያስቸግሩ ሁለት ሴቶች

የምታናድድ ሴት የምትመራው የፍቅር ልብ ወለድ ካማራችሁ ከሁለቱ አንዷን ምረጡ፤ የጄን ኦስተኗን ኤማ (እ.ኤ.አ. 1815) ወይም የማርጋሬት ሚቼልን «Gone with the Wind» የምትመራዋን ስካርሌት ኦሃራ (እ.ኤ.አ. 1936)።

ኤማ ሀብታም፣ ቆንጆ፣ ሥራ ፈት ናት። የሰው ትዳር እኔ ካላቀናበርኩ ባይ ናት። ቦክስ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ለሽርሽር ወጥተው ሳለ ድሃዋንና ለፍላፊዋን ሚስ ቤትስን በሰው ፊት ታዋርዳታለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ቀላ አለ እንጂ አልተቆጣችም። እዚህ ጋ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቆየሁ። ደግነቱ ኤማ ሠረገላ ውስጥ ታለቅሳለች፤ በነጋታው ጠዋት ሴትዮዋ ቤት ትሄዳለች። ይቅር ማለት አይከብድም።

ስካርሌት ሌላ ናት። ታሪኳ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነው። ለእርሻቸው ግብር 300 ዶላር ስታጣ የገዛ እህቷን እጮኛ ዋሽታ ታገባዋለች። መጽሐፉ ባርነትን አሳምሮ ማቅረቡም ያመኛል። ግን ተርባ፣ ከተቃጠለ ቤት ጓሮ ራዲሽ የሚባል ሥራ ሥር ነቅላ ስትበላ፣ ሲያስመልሳት፣ ከዚያ ተነስታ «ዳግመኛ አልራብም» ብላ ስትምል ልቤ አብሯት ሄደ። ሳልወዳት ተከተልኳት። ለኔ ምርጫዬ እሷ ናት።

በዚያ ላይ በአማርኛ አለችላችሁ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተረጎማት፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብላ ታተመች። ጊዜ ካጠራችሁ ግን በኤማ ጀምሩ፤ የስካርሌት በጣም ረጅም ነው።