የወርድ ፕሮብሌም ማጠናከሪያ ኮርስ፦ በእኩልታው የተዋጣለት፣ በኢ-እኩልታው የተቻኮለ

በክረምት የዕረፍት ወራት አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የሚከፈቱት የማጠናከሪያ ትምህርቶች በአብዛኛው የቀጣዩን ክፍል ምዕራፎች ቀድሞ ከማስነበብ ያለፈ ዓላማ የላቸውም። ልጄን ያስመዘገብኩበት ማዕከል ግን ከ8ኛ ወደ 9ኛ ክፍል ለሚያልፉ ተማሪዎች ያዘጋጀውን የሂሳብ ኮርስ ሙሉ በሙሉ በአንድ ጉዳይ ላይ አውሎታል፤ ይኸውም በቃላት የተነገረን ጥያቄ ወደ አልጀብራ ለውጦ መፍታት ነው። ተማሪዎቹ ወርድ ፕሮብሌም የሚሉትና ፈተና ላይ ሲያጋጥማቸው «በኋላ እመለስበታለሁ» ብለው የሚያልፉት ጥያቄ ማለት ነው። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ኮርስ የሚሰጡ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ወላጅ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን መመልከት እንዳለበት ማሳየቱ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ እውነተኛ ነው። በከተማችን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ተማሪው ጥያቄውን ለመረዳት የሚያወጣው ጉልበት ለመፍታት የሚያስፈልገውን ይሻማበታል። በዚያ ላይ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ምርጫ ስለሆነ፣ ብዙ ልጆች እኩልታ መጻፉን ትተው ከሀ እስከ መ ያሉትን መልሶች አንድ በአንድ እየተኩ መሞከርን ይለምዳሉ። ይህ ዘዴ ለፈተና ሊያገለግል ይችላል፤ ምርጫ የሌለው ጥያቄ ሲመጣ ግን ተማሪውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

የኮርሱ ትልቁ ጥንካሬ መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስገደዱት አንድ ደንብ ነው። ማንኛውም ተማሪ ያልታወቀውን ቁጥር በፊደል ከመወከሉ በፊት፣ ያ ፊደል ምንን እንደሚቆጥርና በምን መለኪያ እንደሚቆጥር በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን በጥያቄው ላይ ሲሠራ ነው። የ38 ዓመት አባትና የ8 ዓመት ልጅ አሉ እንበል፤ የአባትየው ዕድሜ የልጅቷን ሦስት እጥፍ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? «ዓ ማለት ዕድሜ ነው» ብሎ የጀመረ ተማሪ የማን ዕድሜ፣ የመቼ ዕድሜ እንደሆነ ስለማያውቅ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። «ዓ ማለት ከዛሬ በኋላ የሚያልፉት ዓመታት ብዛት ነው» ብሎ የጻፈው ግን ዓመታቱ በሁለቱም ላይ እንደሚያልፉ ራሱ ዓረፍተ ነገሩ ይነግረዋል፤ ስለዚህ 38 + ዓ = 3 × (8 + ዓ) ብሎ ይጽፍና ዓ = 7 ያገኛል። ያን ጊዜ አባትየው 45፣ ልጅቷ 15 ይሆናሉ።

ከክፍሉ ተማሪዎች አንዱ ዓመታቱን ለአባትየው ብቻ ደምሮ 38 + ዓ = 3 × 8 ብሎ ጽፎ ነበር፤ መልሱም ከዜሮ በታች 14 ሆነ። መምህሩ «ተሳስተሃል» አላሉትም። መልሱን ወደ ታሪኩ መልሶ በቃል እንዲተርከው ጠየቁት፤ ልጁም «ከ14 ዓመት በፊት አባትየው 24 ዓመቱ ነበር፣ ልጅቷ ግን…» ብሎ ሳይጨርስ ልጅቷ ገና እንዳልተወለደች ራሱ ደረሰበት። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት በትምህርት ቤት ውስጥ፣ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ማግኘት ከባድ ነው። መልስን ወደ ጥያቄው መልሶ መፈተሽ ጆርጅ ፖሊያ የተባለው በትውልዱ ሃንጋሪያዊ የሆነ የሂሳብ ሊቅ ካስቀመጣቸው አራት የችግር አፈታት ደረጃዎች የመጨረሻው ሲሆን፣ አብዛኛው ተማሪ ከአራቱ የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

የቅልቅል ጥያቄዎች አቀራረብም የተዋጣለት ነው። አንድ ነጋዴ ኪሎው 500 ብር የሆነ ቡናና ኪሎው 650 ብር የሆነ ቡና ቀላቅሎ ኪሎው 560 ብር የሚያወጣ 30 ኪሎ ማዘጋጀት ቢፈልግ፣ ከእያንዳንዱ ምን ያህል ያስገባል? መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምዶች ያሉት ሰንጠረዥ ያሠራሉ፦ የኪሎው ዋጋ፣ የኪሎው ብዛት፣ ጠቅላላ ብሩ። የርካሹ ቡና ብዛት ኪ ከተባለ የውዱ ብዛት 30 − ኪ እንደሚሆን ሰንጠረዡ ራሱ ያሳያል፤ ከዚያም 500 × ኪ + 650 × (30 − ኪ) = 16,800 ተብሎ ይጻፋል። ርካሹ 18 ኪሎ፣ ውዱ 12 ኪሎ ይሆናል፤ 9,000 እና 7,800 ብር ሲደመሩም 16,800 ይመጣሉ። ልጄ ይህን ሰንጠረዥ አሁን ለርቀትና ለፍጥነት ጥያቄዎችም ትጠቀምበታለች።

መምህሩ በመሐል ጣል ያደረጉት የታሪክ ወግ ደግሞ ለእኔም አዲስ ነበር። ዛሬ እንደ አየር የምንቆጥረው የእኩል ምልክት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1557 በዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ ሲሆን፣ የይበልጣልና የያንሳል ምልክቶች ደግሞ ለኅትመት የበቁት በ1631፣ ከተጠቀመባቸው ከእንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ከቶማስ ሃሪዮት ሞት በኋላ ነው። ከእነርሱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ በባግዳድ የነበረው አል-ኽዋሪዝሚ የውርስ ክፍፍልን የመሰሉ ጥያቄዎችን የፈታው ያለ አንዳች ምልክት፣ በቃላት ብቻ ነበር። የአልጀብራ ጥያቄ ሁሉ ያኔ ወርድ ፕሮብሌም ነበር ማለት ነው።

ወደ ድክመቱ ስመጣ፣ ኢ-እኩልታ፣ ማለትም አንዱ ወገን ከሌላው የሚበልጥበት ወይም የሚያንስበት ጥያቄ፣ የኮርሱ የእንጀራ ልጅ ሆኖ ቀርቷል። በኮርሱ ርዕስ ላይ ከእኩልታ ጋር እኩል ተጠቅሶ ሳለ፣ የደረሰው የመጨረሻው ሳምንት ጥድፊያና ለተማሪዎቹ የሚታደለው ጽሑፍ፣ የሀንድአውቱ፣ መጨረሻ ላይ ያሉ ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው። ሀንድአውቱም የሚለው «እንደ እኩልታ ፍታ፤ በአሉታዊ ቁጥር ካካፈልክ ምልክቱን ገልብጥ» ከሚለው ብዙም አያልፍም። ደንቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለምን እንደሚገለበጥ ያልገባው ተማሪ በፈተና ጭንቀት መጀመሪያ የሚረሳው ይህንኑ ነው።

በጣም የሚያስቆጨው ከሀንድአውቱ ጥያቄዎች አንዱ ምክንያቱን ለማሳየት የተመቸ መሆኑ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ቤተሰብ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለው፤ በቀን 150 ሊትር ይጠቀማል፤ ሮቶው ውስጥ ምንጊዜም ቢያንስ 300 ሊትር እንዲቀር ይፈልጋል፤ ውኃ ሳይመጣ ስንት ቀን መቆየት ይችላል? የቀናቱ ብዛት ቀ ከተባለ 2,000 − 150 × ቀ ≥ 300 ተብሎ ይጻፋል (≥ ማለት «ይበልጣል ወይም እኩል ይሆናል» ነው፤ ሲገለበጥ ≤፣ «ያንሳል ወይም እኩል ይሆናል» ይሆናል)። 2,000ውን ወደ ቀኝ ሲያሻግሩት −150 × ቀ ≥ −1,700 ይሆናል፤ በዚህ ላይ ምልክቱን መገልበጥ የረሳ ተማሪ ቀ ≥ 11.33 ብሎ ይጨርሳል። ትርጉሙም ቤተሰቡ የሚቸገረው ውኃው ቶሎ ከመጣ ነው፣ ወር ከቆየ ግን ምንም አይጎድልበትም እንደማለት ነው! ይህን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያነበበ ልጅ ምልክቱን ዳግመኛ የሚረሳ አይመስለኝም። ከዚህም ሌላ 150 × ቀ የሚለውን ወደ ቀኝ፣ 300ውን ወደ ግራ ወስዶ 1,700 ≥ 150 × ቀ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ በዚህ መንገድ መገልበጥ የሚባል ነገር ጨርሶ አይነሳም። በእኩልታው ወቅት ያን ያህል ትዕግሥት ያሳዩት መምህር ይህን ጥያቄ በሰሌዳ ላይ በጥቂት መስመሮች ሠርተው አለፉት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የመልስ ገጹን ይመለከታል። 1,000 ኪሎ የመሸከም አቅም ባለው ሊፍት ውስጥ በድምሩ 290 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች አሉ፤ እያንዳንዱ 45 ኪሎ የሆነ ካርቶን ቢበዛ ስንት መጫን ይችላሉ? 290 + 45 × ካ ≤ 1,000 ነው፤ የመልስ ገጹም ካ ≤ 15.78 ይልና ያበቃል። ካርቶን በነጥብ አይቆጠርም። ተማሪው በተማረው የማጠጋጋት ደንብ መሠረት ወደ 16 ካስጠጋው ክብደቱ 1,010 ኪሎ ይሆናል፤ መልሱ 15 ነው። በተቃራኒው 100 ተማሪዎችን እያንዳንዱ 12 ሰው በሚይዝ ሚኒባስ ለመውሰድ ስንት መኪና ያስፈልጋል ሲባል 8.33 ወደ 9 ከፍ ይላል። ወደ ታች ነው ወደ ላይ የሚባለው ከማጠጋጋት ደንብ ሳይሆን ከታሪኩ የሚወሰን መሆኑ የዚህ ዓይነት ጥያቄ ዋና ቁም ነገር ሆኖ ሳለ፣ በሀንድአውቱ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነገረም።

ከታሪኩ ጋር የማይገጥም መልስ ሲመጣስ? ይህም አልተነካም። በአራት ፈተና 68፣ 74፣ 80 እና 71 ያገኘ ተማሪ በአምስቱ አማካይ ቢያንስ 75 እንዲኖረው ከፈለገ የመጨረሻው ላይ 82 እና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። አማካዩ 80 እንዲሆንለት ከፈለገ ግን 107 ያስፈልገዋል፤ ፈተናው ከ100 ከሆነ «አይቻልም» የሚለው ሙሉና ትክክለኛ መልስ ነው። ልጆቻችን ይህን መልስ ለመጻፍ ይፈራሉ፤ የተሳሳቱ ይመስላቸዋል።

ስለ ሌላው ጉዳይ ብዙ የምለው የለኝም። ክፍሉ አልተጨናነቀም፤ የቤት ሥራ ታርሞ፣ ስህተቱ የተፈጠረበት መስመር ተሰምሮበት ይመለሳል። ማብራሪያው በአማርኛ፣ ጥያቄው በእንግሊዝኛ መሆኑም ተገቢ ነው። ክፍያው ቤት ድረስ ለሚመጣ አስጠኚ ከምንከፍለው ግማሽ ያህል ነው። ጥያቄውን ፎቶ አንስተው መልሱን የሚያሳዩ የስልክ አፕሊኬሽኖች እያሉ ለምን ይከፈላል የሚል ወላጅ ይኖራል፤ ለመልሱ ብቻ ከሆነ ልክ ነው። ይሁን እንጂ እዚህ የሚከፈለው ልጁ ጥያቄውን አንብቦ የመጀመሪያውን መስመር በራሱ እንዲጽፍ ነው፤ አፕሊኬሽኑ የሚቀማውም ያንኑ መስመር ነው።

ክፍልፋይና አሉታዊ ቁጥር ገና ለሚያስቸግረው ተማሪ ኮርሱን አልመክርም፤ እኩልታውን በትክክል አቁሞ ስሌቱ ላይ እየወደቀ ተስፋ ይቆርጣል። ስሌቱን ለሚችልና ጽሑፍ ሲያይ ለሚደነግጥ ግን ለእኩልታው ክፍል ብቻ እንኳ ገንዘቡ የሚገባው ነው። ስለ ኢ-እኩልታው ለመምህሩ ቅሬታዬን ሳቀርብ የጊዜ እጥረትን ምክንያት አድርገው፣ በሚቀጥለው ዙር ከኮርሱ አጋማሽ ጀምረው እንደሚያስተምሩት ነግረውኛል። የምትመዘግቡ ወላጆች ሀንድአውቱን አስቀድማችሁ ጠይቁና የመልስ ገጹን ተመልከቱ፤ ስለ ካርቶንና ስለ ሚኒባስ ለተጠየቀ ጥያቄ የተሰጠው መልስ አሁንም በነጥብ የሚያልቅ ከሆነ፣ የተባለው ማሻሻያ ገና አልተደረገም።