ለቤት ስቱዲዮ ሠሪዎች፦ «ድምፅ አልባ» እየተባለ ስለሚሸጠው ባለ10 ሴንቲ ሜትር የአየር ቱቦ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ከቤታችሁ አንዱን ክፍል ለቀረጻ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ «ለስቱዲዮ የሚሆን ድምፅ አልባ የአየር ማስገቢያ» ተብሎ በአንድነት የሚሸጥላችሁን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት እንድታመዛዝኑ አሳስባለሁ። ያየሁት ዕቃ አንድ የመታጠቢያ ቤት ቬንትሌተር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ቱቦና አንድ የፕላስቲክ ወንፊት ብቻ ነው። ዋጋው መወደዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ፤ ቱቦው ለተባለለት ሥራ ፈጽሞ አይበቃም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ያህል ንጹሕ አየር ማስገባት የተለመደ መነሻ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝና አየሯ የሳሳ በመሆኑ፣ የታፈነውን ትንፋሽ እኩል ለማጥራት በዚያ ላይ ሲሶ ያህል መጨመር ይገባል። ለሦስት ሰው በሰከንድ 40 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አየር በ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ለቀረጻ ክፍል ግን ከ1.5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ቱቦው 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መተላለፊያው አራት እጥፍ ስለሚሰፋ ፍጥነቱ ወደ 1.3 ሜትር ይወርዳል። ፍጥነት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ጩኸት ከ15 እስከ 18 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ዴሲቤል አያንስም። ያ ትንሽ ቬንትሌተር ደግሞ ያን ያህል አየር መግፋት ስለማይችል በመጨረሻ የሚተርፋችሁ ጩኸቱም መታፈኑም ነው። በገና ለሚቀርጽ ሰው ነገሩ ይብሳል፤ ዝግ ያለውና የሚነዝረው የበገና ድምፅ ከቱቦው ጉምጉምታ ጋር አንድ ላይ ይገባልና በኋላ የበገናውን ድምፅ ሳያበላሹ በኮምፒውተር ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል።

ሻጮች በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነስተኛ የዴሲቤል ቁጥር ያሳያሉ። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚለካው ቬንትሌተሩ ቱቦ ሳይገጠምለት፣ ከ3 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ስስ የአሉሚኒየም ቱቦም የውጭውን ድምፅ አያግድም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ያላችሁ የጭነት መኪናውን ሁሉ ትቀርጻላችሁ።

ለዚያው ገንዘብ ለአየር መግቢያና ለመውጫ ሁለት ሰፋፊ የቆርቆሮ ቱቦዎች፣ እንዲሁም ውስጡ በመስታወት ሱፍና በጨርቅ የተለበጠ፣ ጩኸቱ እንዲዋጥ የአየሩን መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያጣጥፍ የእንጨት ሳጥን ማሠራት ይሻላል። በስፖንጅ እንዳይለበጥ ተጠንቀቁ፤ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ቬንትሌተሩ ከማይኩ ርቆ፣ በጎማ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ። ወንፊቱ ግማሽ መተላለፊያውን የሚዘጋ ከሆነ የአፉ ስፋት በካሬ ሲለካ የቱቦውን ሁለት እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ አለበለዚያ የተቀነሰው ፍጥነት በመውጫው ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ቱቦ ከተገጠመ በኋላ በሰከንድ ስንት ሊትር አየር እንደሚያስገባ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ በሉ፤ ሻጩ እንቢ ካለ አትግዙ። አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ የፍጥነት መቀነሻ ለመግጠም ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡበት፤ ጩኸቱ ሲቀንስ አየሩም አብሮ ይቀንሳልና ዕቃውን ለመታጠቢያ ቤታችሁ አድርጉት።